ፍሬን ያልተገኘለት ፈረስ

አሰብ ላይ የመኪና መለዋወጫ ስሸጥ በኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ለአንድም ደንበኛ «የለም» ብዬ አላውቅም። ዕቃው ካለ እሰጣለሁ፤ ከሌለ «ነገ ይገባል» እላለሁ፤ ነገም ካልገባ «መርከቡ ውጭ ቆሟል» እላለሁ። ይቺ የመጨረሻዋ እንኳ ውሸት አይደለችም። ከወደቡ ፊት ለፊት ሁልጊዜ ተራ የሚጠብቅ አንድ መርከብ አይጠፋም፤ የኔን ዕቃ ይያዝ አይያዝ ደግሞ ማንም ዋኝቶ ሄዶ አይጠይቀውም። በዚህ ዘዴዬ ስኮራ የኖርኩ ሰው፣ አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ አንድ ፈረስ እጄ ላይ ወደቀና ፍሬን ፈልግልኝ አለኝ። በአፉ አላለኝም፤ እኔ ግን ነገሩን እንደዚያ ነበር የተረዳሁት። ጥፋቱም የጀመረው ከዚሁ ነው።

ፈረስ ለአሰብ ምኑ ነው የሚል ሰው ይኖራል። ባለቤቴም ያለችው ይህንኑ ነው፤ እሷ ግን ያለችው እየጮኸች ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጊዜው መንገዱ ክፍት፣ ወደቡም በሥራ የተጨናነቀበት ዘመን ነበር። በጥር ወር ዕቃ ላመጣ አዲስ አበባ ወጥቼ ሳለ፣ ጃንሜዳ አካባቢ ለልጆች የፈረስ ዝላይ የሚያስተምር አንድ የማውቀው ሰው ቤቱን ሊዘጋ መሆኑን ሰማሁና ለስንብት ብዬ ጎራ አልኩ። ለስንብት ነው የምለው ለራሴ ነው፤ የሚዘጋ ቤት የነጋዴን እግር እንዴት እንደሚስብ አውቃለሁ። እዚያ ነው ያየሁት። ዳማ ፈረስ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ ደረቴ ድረስ የሚደርስ አግዳሚ እንጨት እንደ ቤት ደጃፍ እያለፈ ይሄዳል። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

«ምን ጉድለት አለበት?» አልኩት ሰውየውን።

«ጉድለት እንኳ የለበትም። ትንሽ ትጉ ነው።»

«ትጉ ስትል?»

«መዝለል ይወዳል።»

እዚህ ላይ መንቃት ነበረብኝ። እኔ ራሴ ያገለገለ ባትሪ ስሸጥ «ይህ ባትሪ ቶሎ ይሞላል» እላለሁ፤ ቶሎ የሚሞላው ቶሎ ባዶ ስለሚሆን መሆኑን ግን ገዢው ቤቱ ገብቶ ራሱ ያጥናው ብዬ እተወዋለሁ። እንዲህ ያለ አፍ ያለኝ ሰው፣ ሌላው የሸጠልኝን ጉድለት በምስጋና መልክ ተቀብዬ በስድስት የመኪና ጎማ ለወጥኩ። ሂሳቤ ቀላል ነበር። ከአሰብ ወደብ ቡና ይወጣል፣ ሰሊጥ ይወጣል፣ ቆዳ ይወጣል፣ ፍየል እየጮኸ ይወጣል። ፈረስ የማይወጣበት ምክንያት አልታየኝም።

ያወረደልኝ ወዳጄ ታደሰ ነው፤ ባለ ተሳቢ ሹፌር። አሰብ ሲደርስ ከጋቢናው የወረደው ፊቱ አመድ መስሎ ነው።

«ሁለት ቀን ሙሉ» አለኝ፤ «ሁለት ቀን ሙሉ ማጅራቴ ላይ ፈረስ እየተነፈሰብኝ ነዳሁ! በኋለኛው መስኮቴ አፍንጫውን አስገብቶ መንገዱን ያያል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር በጋቢናዬ ላይ ሊዘል ይነሳል። ሚሌ ላይ ገመድ ጨመርን። ኤሊዳር ላይ ረዳቴ ጥሎኝ ሌላ መኪና ተሳፈረ። ከእንግዲህ እኔ መኪና ላይ ፈረስ ቀርቶ የፈረስ ሥዕል አይጫንም።»

ታደሰ ይህን ታሪክ በየሻይ ቤቱ እያወራው ስለወረደ፣ በመንገዱ ላይ ፈረሱን ወደ ደጋ ሊመልስልኝ የሚደፍር ሹፌር አንድም አልተረፈም። ያወረድኩት ዕቃ መመለሻ የለውም ማለት ነው። የቀረው በር ባሕሩ ነው።

በባሕሩ በኩል ግን ገዢ አገኘሁ። ከየመን ዕቃ የሚያመጣልኝ ነጋዴ፣ ዘመዱ ማዶ ላይ የፈረስ ግልቢያ ማስተማሪያ እንዳለው ነገረኝ፤ መልእክትም ላከልኝ። በሚያዝያ መጨረሻ እንስሳት ከሚጭነው መርከብ ጋር ፈረስ የሚያውቅ ሰው ይመጣል። መልእክቱ አጭር ነበር፦ «የሚዘል ፈረስ ሞልቶናል። የቸገረን የሚቆም ነው። ተማሪዎች ናቸው የሚቀመጡበት። ስድስት መሰናክል በእርጋታ ዘሎ፣ ቁም ሲባል ከቆመ እንወስደዋለን። ካልቆመ ይቅር።»

ይቅር የምትለው ቃል ለእነሱ ቀላል ናት። እኔ ጋ ስትደርስ ግን ሌላ ትርጉም ነበራት። በሰኔ አሰብ ውስጥ ሰው ራሱ የሚኖረው ስለለመደው ነው እንጂ ስለሚቻል አይደለም። ብርድ ለምዶ ያደገ የደጋ ፈረስ ያን ሙቀት እንደማይወጣው ለማወቅ የእንስሳት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ጎማ ቢበላሽብኝ ጎማ ነው። ይህ ግን ጠዋት ጠዋት በሩን ስከፍት ጆሮውን ቀጥ አድርጎ «ዛሬስ ምን እንዘላለን?» የሚል ነፍስ ነው።

ከመኪና ማቆሚያው ጀርባ፣ በጨው ማምረቻውና በባሕሩ መሀል ሰፊ አሸዋማ ሜዳ ነበር። በባዶ በርሜሎችና በአሮጌ ጎማዎች ላይ ከወደብ የተጣለ ጣውላ እያጋደምኩ ስድስት መሰናክል በአንድ መስመር ሠራሁ። መጨረሻው ላይ፣ ሹፌሮች ዓሣ ከሚበሉበት ዳስ ወዲያ፣ ሸራ ዘርግቼ ጥላ አደረግሁለትና ከሥሩ በርሜል ሙሉ ውሃ አስቀመጥኩ። ዘሎ ሲጨርስ ደክሞት ይጠጣ ብዬ ነው። ደግነቴ እኔኑ አስደነቀኝ።

ተቀማጩ እኔ ነበርኩ፤ ሌላ ማን አለ? በልጅነቴ የአያቴን በቅሎ ተቀምጫለሁ። በቅሎዋ ግን አሳቢ ነበረች፤ ከመራመዷ በፊት ሁለት ጊዜ ታወጣ ታወርድ ነበር። ይህኛው የመጀመሪያውን ጣውላ ሲያይ ከሥሬ ወጣ። ሦስተኛውን ስንዘል እኔ ከኮርቻው በላይ፣ ኮርቻው ከፈረሱ በላይ፣ ሦስታችንም ለየብቻችን ነበርን። አምስተኛው ላይ ጋማውን አቅፌ የማውቃቸውን መላእክት በስማቸው እጠራ ነበር። ስድስተኛውን እንደዘለለ ዳሱን ዞሮ መሄድ ሲችል ቀጥታውን መረጠ። በፊት ለፊቱ ገብተን፣ ዓሣ በሚበሉ ሰዎች መሀል አልፈን፣ በጀርባው ወጣን። ዳሱ በጀርባው በር አልነበረውም፤ ከዚያን ቀን ወዲህ አለው።

ከዚያ በርሜሉ ዘንድ ሲደርስ ቀጥ አለ። እኔ አልቆምኩም። ብቅ ስል ፈረሱ ከትከሻዬ አጠገብ አፉን ነክሮ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ይጠጣል።

ታደሰ እጁ ላይ የተረፈውን ዓሣ እየበላ መጣ። በርሜል ውስጥ ያለሁትን እኔን አየ፤ ፈረሱን ዞሮ አየ፤ ጎንበስ ብሎም ሆዱ ሥር ተመለከተ።

«ሞተሩ ጤነኛ ነው» አለ በመጨረሻ። «መሪውም ምንም አይል። ፍሬኑ ነው።»

እዩት እንግዲህ፤ እኔም ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። የሃያ ዓመት ሹፌርና የአሥራ አምስት ዓመት መለዋወጫ ሻጭ ተገናኝተን ሌላ ምን እንድናስብ ነው የሚጠበቀው? ፍሬን ሲላላ ይጠብቃል። ሲጠብቅ ካልያዘ ይቀየራል። ልጓሙን አጠበቅነው፤ ባሰበት። ዛቡን አሳጠርነው፤ ባሰበት። በስተመጨረሻ ታደሰ ከሱቄ ቀጭን ሰንሰለት መርጦ በልጓሙ ብረት ላይ ጠመጠመው። እኔም አቀበልኩት። በዚያ ሳምንት ፈረሱ እንደ መድፍ ጥይት ነበር። በሳብኩት ቁጥር አንገቱን ወደ ሰማይ ይሰቅልና፣ መሰናክሉን ሳያየው፣ ብቻ እንዲያልፍለት ይመስል ይወረወራል። እኔን የገረመኝ ይህ ነው፦ በዓለም ላይ ሲይዙት የሚፈጥን ፍሬን የት አለ?

ይህን ጥያቄ የመለሱልኝ ሃምሳ አለቃ ወልዱ ናቸው። በአቅራቢያችን ያለውን መጋዘን የሚጠብቁ፣ አንድ እግራቸው የማይታጠፍ፣ በንጉሡ ዘመን ፈረሰኛ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ጠዋት ዱላቸውን ተደግፈው ሜዳው ዳር ቆመው ሲያዩ ቆዩና ወደ እኛ መጡ። እኔን ሰላም አላሉኝም። የፈረሱን ከንፈር በአውራ ጣታቸው ገለጥ አደረጉ። አረፋው ሮዝ መልክ ነበረው።

«ይህን ማን አሰረበት?»

ታደሰ ወደ እኔ አየ። እኔም ወደ ታደሰ አየሁ።

«ፍሬኑ ነው፣ ሃምሳ አለቃ» አልኩ። «ትንሽ ላላ ብሎብን…»

«ምኑ?»

«ፍሬኑ።»

 ከዚያ ሰንሰለቱን እየፈቱ፣ «አንተን ምላስህ ላይ ይህን ጥዬ ብጎትትህ ትቆማለህ?» አሉኝ።

«ኧረ አልቆምም!»

«ምን ታደርጋለህ?»

«እ… እሮጣለሁ መሰለኝ።»

«አንተ እንኳ የደረስክበት ነገር ለፈረስ አይጠፋውም» አሉና ሰንሰለቱን እጄ ላይ አኖሩት። «ቸኩሏል ብለህ ትጎትተዋለህ። ለምን እንደቸኮለ ጠይቀኸው ታውቃለህ?»

እጄ ላይ ያለውን ሰንሰለት ሳይ አፈርኩ። በሥራዬ ለሰው የማይገጥም ዕቃ ሸጬ አውቃለሁ፤ የሸጥኩት ዕቃ ሰው አፍ ውስጥ ደም ሲሆን ግን አይቼ አላውቅም። «ይርዱኝ፣ ሃምሳ አለቃ» አልኳቸው። «ሚያዝያ መጨረሻ ካልተጫነ እዚህ ይሞታል።»

«አውቃለሁ» አሉ። «እኔ እዚህ የደረስኩ ዓመት ሰኔን አልጋ ላይ ነው ያሳለፍኩት። ነገ ማለዳ ና። ጫማህን ግን አሳምረህ እሰር፤ ብዙ ትሄዳለህ።»

እውነትም ሁለት ሳምንት ሙሉ ዝላይ የሚባል ነገር አልነበረም። ጣውላዎቹን አሸዋው ላይ አጋደሙና በእርምጃ ብቻ አሻገሩን። ፈረሱ መፍጠን ሲጀምር «አትጎትት! ዙር!» ይላሉ፤ ክብ እንሠራለን፤ ሲረጋ ተመልሰን ወደ ጣውላው እንሄዳለን። ዛቡን እርጥብ ወረቀት እንደያዝኩ ያህል እንድይዘው አስተማሩኝ። ሲቆም ወዲያው እንድለቅለት፣ ሳይቆም እንዳላመሰግነው አስተማሩኝ። ከእኔና ከፈረሱ ማን እንደሚማር አንዳንዴ ይጠፋኝ ነበር፤ አንድ ቀን ስጠይቃቸው «ፈረሱ ከሰኞ ጀምሮ እየጠበቀህ ነው» አሉኝ።

አንድ ነገር ግን አልጠፋ አለ። ጣውላው አምስት እርምጃ ሲቀረው ፈረሱ ይንቀጠቀጣል።

«እሱ አይደለም፤ አንተ ነህ» አሉ ሃምሳ አለቃ። «እንጨቱን ስታይ ትንፋሽህን ትይዛለህ። እሱ ደግሞ ይሰማሃል። ይህ ሰውዬ የፈራው ነገር አለ፤ ቶሎ አልፈን እንገላገል ይላል። ተናገር! የሚናገር ሰው ትንፋሹን አይዝም።»

«ምን ልናገር?»

«በቃልህ የምታውቀውን። ዳዊት ድገም።»

ለእግዜር የቀረበ ነገር በቃሌ አለመያዜን እዚያ ላይ በይፋ መናዘዝ ነበረብኝ። በቃሌ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የሱቄን መደርደሪያ ከግራ ወደ ቀኝ። እሱኑ ጀመርኩ። «ካንዴላ… ፍሪሲዮን… ካምቢዮ… ባሌስትራ… ሞተሪኖ… ማርሚታ…» በአንድ እርምጃ አንድ ዕቃ። ፈረሱ አንድ ጆሮውን ወደ ኋላ አዞረ። ሁለተኛውንም አዞረ። አንገቱን ዝቅ አደረገና «ባሌስትራ» ላይ ጣውላውን ልክ እንደ ሽማግሌ ተሻገረ።

«ቀጥል!» አሉ ሃምሳ አለቃ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብለው።

በማግስቱ ከመኪና ማቆሚያው አንድ ሹፌር ሰምቶኝ፣ «አንተ! ባሌስትራ አለህ እንዴ?» ብሎ ጮኸ። እኔም ከፈረሱ ላይ ሳልዞር «ነገ ይገባል!» አልኩት። ፈረሱ እርምጃውን አላዛነፈም።

በመጋቢት መጨረሻ መሰናክሎቹን አንድ በአንድ ከፍ እያደረግን መዝለል ጀመርን። አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ላይ የተለየ ፈረስ ሆነ። አራተኛው ላይ ሲደርስ ግን መደርደሪያዬን ባነብለት፣ ክብ ብሠራ፣ ብለምነው፣ ጆሮው ወደፊት ይቀሰርና ይነሳል። አራተኛውን፣ አምስተኛውን፣ ስድስተኛውን እንደ ቀድሞው ጠራርጎ፣ በዳሱ አዲስ በር አልፎ፣ በርሜሉ ዘንድ። ሹፌሮቹ ሰሃናቸውን ማንሳት ለምደው ነበር።

ለምን አራተኛው? ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ ብል ማጋነን ነው፤ የነሳኝ ሙቀቱ ነው። ግን ሳልተኛ ስለ አራተኛው አስብ ነበር። ታደሰ ሜዳው ወደዚያ ቁልቁለት ነው ብሎ ጠርሙስ አሸዋው ላይ አጋድሞ ሞከረ፤ ጠርሙሱ ንቅንቅ አላለም። አራተኛውን ጣውላ በሌላ ቀየርነው። ቀለም ቀባነው። ሃምሳ አለቃ ሳይቀሩ ጣውላውን በዱላቸው እየመቱ ሁለት ጊዜ ዞሩት፤ ይህ ከሁሉም አስፈራኝ። ባለቤቴን ብጠይቃት፣ «እስከ ሦስተኛው ድረስ ማን እንደተቀመጠበት ረስቶ ነው። አራተኛው ላይ ትዝ ይለዋል» አለችኝ።

እሷ እንዲህ ትበል እንጂ፣ ሚያዝያ ተጋምሶ ፈረሱ እህል መተው ሲጀምር፣ ጆንያ በውሃ እየነከረች ጀርባው ላይ የምታለብሰው እሷ ነበረች። አንድ ቀን ለምሳ ቤት ስገባ ቬንትሌተሩ ከቦታው የለም። በረት ሄጄ አገኘሁት፤ ወደ ፈረሱ ተደግኖ ይዞራል።

«እኔስ?» አልኳት።

«አንተ ለምደኸዋል» አለችኝ።

መርከቡ ሊመጣ አሥር ቀን ሲቀረው ሐሰን መጣ። ሐሰን ከደባይሲማ በኩል ፍየል እየነዳ ለዚያው መርከብ የሚያመጣ አፋር ነው፤ ከእኔ ሱቅ ገመድ ይወስዳል። በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ሁለቱን እጆቹን በላዩ ጥሎ፣ ሙሉውን ዙር አየ። ፈረሱ ሦስት በሰላም ዘለለ፤ ሦስት በጦርነት። እኔ ከበርሜሉ አጠገብ ትንፋሼ ተቆርጦ ስወርድ ሐሰን ቀርቦ ጠየቀኝ።

«ውሃው ለምን እዚህ ሆነ?»

«ሲጨርስ እንዲጠጣ ነዋ።»

«ሁልጊዜ እዚህ ነው?»

«ሁልጊዜ።»

«ጥላውም?»

«ጥላውም።»

ሐሰን ወደ ሜዳው ዞረ። በበትሩ ጫፍ ሦስተኛውን መሰናክል አሳየኝ። እዚያ ድረስ ዳሱ ውሃውን ይጋርደዋል። አራተኛው ጋ ሲደርሱ ግን በዳሱ አዲስ በር በኩል ሸራውም በርሜሉም ፊት ለፊት ግልጥ ብለው ይታያሉ።

«እኔም እሮጣለሁ» አለ ሐሰን። «እኛ ግመል ስናስተምር አፉን ከውሃ እናዞራለን። ወደ ውሃ የሚሄድ ግመል ምን ይማራል? ውሃ ብቻ ነው የሚያስበው።»

ታደሰ ባርኔጣውን አወለቀ። ሃምሳ አለቃ ወልዱ ዱላቸውን አሸዋው ላይ ተከሉና ለረጅም ጊዜ ያንን በርሜል አዩት።

«ሠላሳ ዓመት ፈረስ አስተምሬአለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «በደጋ ግን ውሃ የት እንዳለ ማን ያስበዋል? ወንዙ በየትም በኩል ነው!»

ስንትና ስንት ሰው ሁለት ወር ሙሉ የፈረሱን አፍ፣ የፈረሱን ትንፋሽ፣ የእንጨቱን ቀለም ሲመረምር ኖረ። አሰብ ላይ ቆመን፣ ሁላችንም ልባችን ደጋ ነበር። ፈረሱ ብቻ ነበር ያለበትን ቦታ ያወቀው። መዝለል ስለሚወድ ቸኩሎ መጣ፤ እኔ ደግሞ በደግነቴ የቸኮለበትን ነገር መጨረሻው ላይ አስቀመጥኩለት።

በርሜሉን ወደ መጀመሪያው መሰናክል አዛወርነው፤ ሸራውንም አብረን። ከመነሳቱ በፊት ጥቂት ጉንጭ ይጠጣል፣ ዘሎ ሲጨርስ ይቆማል፣ ከዚያ በእርምጃ ወደ መነሻው ተመልሶ የቀረውን ይጠጣል። የመጀመሪያው ቀን እንደለመደው ነጉዶ ሄዶ በርሜሉ የነበረበትን ክብ ምልክት አሸዋው ላይ አገኘ። አሸተተው። ከዚያ ዞሮ አየኝ፤ ሱቄን በምሳ ሰዓት ተዘግቶ ያገኘ ደንበኛ እንደዚያ ነው የሚያየኝ። በአራተኛው ቀን አራተኛውን መሰናክል «ባሌስትራ» ላይ ዘለለ፣ ስድስተኛውን «ማርሚታ» ላይ፤ «ቁም» አልኩት፤ ቆመ። ሃምሳ አለቃ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዙረው አፍንጫቸውን ተናፈጡ። ነፋስ ነው አሉ። ነፋስ አልነበረም።

ሰውየው በተባለው ሰሞን መጣ። ሳሌም ይባላል፤ ሽርጥ የታጠቀ፣ አጭር፣ ቀልጣፋ ሰው። በልጅነቱ እዚሁ አድጎ ስለነበር አማርኛው ከታደሰ ይሻላል። «አሰላሙ ዐለይኩም» ብሎ ሁላችንንም ጨብጦ፣ የፈረሱን ጥርስና እግር አይቶ፣ «እስቲ» አለ። ያ «እስቲ» ሹፌሮቹን ሁሉ ምሳ አስጣለ። የዳሱ ሰው በሙሉ ወጥቶ ተሰለፈ።

ፈረሱ ላይ ወጣሁ። አንደኛው፤ «ካንዴላ…»። ሁለተኛው፤ «ፍሪሲዮን…»። ሦስተኛው እንደ ቅቤ። ወደ አራተኛው ቀረብን። ቀና አልኩ።

ከዳሱ በር ወዲያ፣ በድሮው ቦታ ጥላ አለ። ጥላው ሥር በርሜል አለ። በርሜሉ አጠገብ ባለቤቴ ነጠላዋን አሳምራ፣ ጣሳ ይዛ ቆማለች። ባሕር አቋርጦ የመጣ እንግዳ አለና፣ ከዓሣ መጋዘን በረዶ ለምና፣ ሌላ ሸራ ዘርግታ፣ ሌላ በርሜል በቀዝቃዛ ውሃ ሞልታ፣ ዝላዩ ሲያልቅ እንግዳው እዚያ ጋ ይደርሳል ብላ አስባ ነው። ለእንግዳ ቀዝቃዛ ውሃ ማቅረብን ማን ክፉ ይለዋል? እኔም ከሁለት ወር በፊት ልክ እንደሷ ነበር ያሰብኩት። የበረዶው ጫፍ ከበርሜሉ አፍ በላይ ሲያብረቀርቅ ከዚያው ከኮርቻው ይታየኛል።

የፈረሱ ጆሮ ወደፊት ተቀሰረ። ከሥሬ ሲሰበሰብ ተሰማኝ። ከዳር ታደሰ «በቃ፣ አለቀልን» ሲል ሰማሁ፤ ሹፌሮቹም ከበሩ አቅጣጫ ገለል አሉ።

እጄ ዛቡን ሊጎትት ተነሳ። ያን ጊዜ ሰንሰለቱ ትዝ አለኝ። እጄን መልሼ ዝቅ አደረግሁና የያዝኩትን ትንፋሽ ለቅቄ፣ በሕይወቴ ለማንም ደንበኛ ባልተናገርኩበት እርጋታ፣ «ካምቢዮ…» አልኩ። «ባሌስትራ…» አንድ ጆሮ ዞረ። አራተኛውን ዘለልን። «ሞተሪኖ…» ሁለተኛው ጆሮ ዞረ። አምስተኛው። ከሥሬ ያ ሁሉ ጉልበት እንደሚፈላ ማሰሮ ይንተከተካል፤ ክዳኑ ግን አልተነሳም። «ማርሚታ።» ስድስተኛው።

«ቁም።»

ቆመ። ቀዝቃዛው ውሃ ሃያ እርምጃ ላይ ነው። ፈረሱ አየው፤ አፍንጫው ተነፋ፤ ቆዳው ተንቀጠቀጠ። ግን ቆሟል። ዛቡን ሙሉ በሙሉ ጣልኩለት። አሁንም ቆሟል። ሜዳው ላይ የሚሰማ ነገር የለም፤ የባሕሩ ድምፅ ብቻ።

ከዚያ ሆታው ተነሳ። እኔ ደግሞ ጉሮሮዬ ደርቆ፣ ደስታ ናላዬን አዙሮት፣ ከኮርቻው ዘልዬ ወረድኩና በሩጫ በርሜሉ ላይ ደረስኩ። ባለቤቴን ገፍቼ፣ ጣሳ ሳልጠብቅ፣ አፌን ነከርኩ። ቀና ስል ሳሌም ፈረሱ አጠገብ ቆሞ፣ አንድ እጁን አንገቱ ላይ ጥሎ፣ ሁለቱም ያዩኛል።

«ፈረሱን እወስደዋለሁ» አለ ሳሌም። «ሰውየው ግን ገና ልምምድ ይቀረዋል።»

ከሦስት ቀን በኋላ ፈረሱን በእንጨት ሣጥን አድርገው በክሬን ወደ መርከቡ አነሱት። አየር ላይ ሲወጣ እኔ ከሥር ቆሜ መደርደሪያዬን ከግራ ወደ ቀኝ ስጮህለት ነበር፤ የወደቡ ሠራተኞች ምን እንዳሰቡ እነሱ ያውቃሉ። ሃምሳ አለቃ ዱላቸውን ወደ ግንባራቸው አንስተው ሰላምታ ሰጡ። ባለቤቴ ቬንትሌተሩ ቤት ተመልሶ ሳለ፣ ለምን እንደምታለቅስ ስጠይቃት ዝም በል አለችኝ።

ሳሌም ሊሳፈር ሲል ወደ እኔ መጣ። «ያን የምትልለትን ነገር ጻፍልኝ» አለኝ። «ተማሪዎቹ ያጥኑት።»

ከሱቄ ደብተር ገጽ ቀድጄ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ አንድም ሳላስቀር ጻፍኩለት። መወጣጫው ላይ አንድ እግሩን አድርጎ አነበበው። ወደ ታች ወረደ። እንደገና ከላይ ጀመረ። ቅንድቡን አነሳ።

«ሁሉም ዕቃ አለ» አለ። «ፍሬኑስ?»

አፌ እንደ ልማዱ «ነገ ይገባል» ሊል ተከፈተ። መርከቡም ውጭ አልቆመም፤ ፊት ለፊቴ ነበር። ከላይ ከሣጥኑ ክፍተት ሁለት ጆሮዎች ወደ እኔ ዞረዋል።

«የለም» አልኩት።